እማዬ ያጠበችው ራጅ

አባባ ሲያስሉ ቤታችን ውስጥ ማንም አያወራም ነበር። ሳሉ እስኪያልፍ እንጠብቃለን፤ ሲያልፍ ምንም እንዳልተፈጠረ ወሬያችንን ካቆምንበት እንቀጥላለን። ቤታችን ስል ያው ሦስት ሰው ነው። አባባ ልደታ ፍርድ ቤት የችሎት ጸሐፊ ነበሩ። እማዬ ቤት ሆና ለሰው የትራስና የአልጋ ልብስ ትጠልፋለች። እኔ አንድ ልጃቸው ደግሞ ጌጃ ሰፈር አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት ሕፃናት አስተምር ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። ቤት ለቤት የሚፈተሽበት የአሰሳው ጊዜ ካለፈ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል፤ ሰው ግን በር ሲንኳኳ አሁንም ወሬውን ቆርጦ ነው የሚከፍተው። ዝም ማለትን ከዚያ ለምደነው ይሆናል።

አባባ አጫሽ ነበሩ። ሲጋራውን እንዲተዉ በለመንኳቸው ቁጥር «ከአንቺ በፊት ነው የተዋወቅነው፤ አታጣዪን» ይሉኛል። ቀልዱ መጀመሪያ ያስቀኝ ነበር፤ ሳሉ እየከፋ ሲሄድ ያናድደኝ ጀመር። አንድ ቅዳሜ ልብስ ሳጥብ መሐረባቸው ጥግ ላይ የደረቀ ደም አየሁ። ከዚያ በኋላ መናደድም አቃተኝ። ፈራሁ። መሐረቡን ውኃ ውስጥ ነክሬ ደሙ ከለቀቀ በኋላም ብዙ ቆይቼ አሸሁት፤ ያየሁት ነገር አብሮ የሚለቅ መስሎኝ እንደሆነ አላውቅም።

ለእማዬ አልነገርኳትም። ለአባባ ብቻ «መሐረብዎን አይቼዋለሁ» አልኳቸው። ይከራከሩኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን መሬት መሬት እያዩ «ሰኞ ፈቃድ እጠይቃለሁ» አሉ። ከሥራ ፈቃድ ጠይቀው የማያውቁት ሰው እንዲህ በቀላሉ እሺ ማለታቸው ከደሙ ይልቅ አስደነገጠኝ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ራጅ የሚነሳበት ክፍል ጨለማና ቀዝቃዛ ነበር። አባባ ኮታቸውንና ሸሚዛቸውን አውልቀው እንድይዝላቸው ሰጡኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ አባቴን ያለ ሸሚዝ አይቼ አላውቅም። ደረታቸው እንዲያ ሳስቶ፣ የጎናቸው አጥንት እንዲያ ተቆጥሮ ስላየሁት አፍሬ ዞር አልኩ። ራጅ አንሺው ደረታቸውን ሰሌዳው ላይ እንዲለጥፉ፣ አገጫቸውን ቀና እንዲያደርጉ ነግሯቸው እኔን አስወጣኝ። በሩ ላይ ቆሜ «ትንፋሽ ይሳቡ፤ ይያዙ» ሲል እሰማዋለሁ። ወዲያው ሳላቸው ይከተላል። «ጓድ፣ ካልያዙት ፊልሙ ይበላሻል» ይላል። ደግሞ ይሳቡ፣ ደግሞ ይያዙ። ኮታቸውን አቅፌ እኔም አብሬያቸው ትንፋሼን ይዤ ኖሯል፤ ያወቅሁት ራሴን ሲያዞረኝ ነው።

የተመደበልን ሐኪም ከውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ወጣት ነበር። ዕድሜው ከእኔ ብዙ አይርቅም፤ በአባቴ ላይ የሚፈርደው ይህ ልጅ ነው ብዬ ገና ከመግባቴ ተቆጣሁ። ፊልሙን ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ብርሃን ያለው ሣጥን ላይ ሰካውና ዝም ብሎ ማየት ጀመረ። እኔም አየሁ። ሁለት ጥቁር ሳንባ፣ በላያቸው ነጫጭ የጎድን አጥንት። ምንም አልገባኝም። ሐኪሙ ዘወር ብሎ ሲያየኝ ማስረዳት ጀመረ።

«ሳንባ አየር ስለሆነ ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው» አለ። «አጥንት ደግሞ ነጭ ነው። እዚህ ጋ ግን፣ ጥቁር መሆን በነበረበት ቦታ ላይ፣ ይኸው።»

ጣቱን ከአንገታቸው አጥንት ሥር፣ በቀኝ በኩል አሳረፈ። ሽምብራ የምታክል ነጣ ያለች ነገር ነበረች። እሱ ባያሳየኝ አላያትም ነበር፤ ካየኋት በኋላ ግን ከፊልሙ ላይ ሌላ ነገር ማየት አልቻልኩም። ዳር ዳሯ ልሙጥ አልነበረም፤ ጭረት ጭረት ነገር አለው። ሐኪሙ ያንን ጭረት ነበር አንገቱን ዘንበል አድርጎ ደጋግሞ የሚያየው።

«ምንድን ናት?» አሉ አባባ።

«አባባ፣ የድሮ ጠባሳ ልትሆን ትችላለች። ብዙ ሰው ሳያውቀው ታሞ ይድንና ሳንባው ላይ ጠባሳ ይቀራል። እሱ ከሆነ ምንም አይደለም።» ሌላው ምን እንደሆነ ለጊዜው ዘለለው። «ከዚህ በፊት ራጅ ተነስተው ያውቃሉ?»

አውቃለሁ አሉ። ከአሰሳው ጥቂት ቀደም ብሎ የሳንባ ምች ታመው ተነስተው ነበር።

«እሱን ያምጡልኝ። ይቺ ነገር ያኔም ከነበረች፣ መጠኗም ካልተለወጠ፣ ጠባሳ ናት። ካንሰር ይህን ሁሉ ዓመት ሳያድግ አይቀመጥም። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ሳይ አውቃለሁ።»

«ያኔ ካልነበረችስ?» አልኩ።

«በመጀመሪያ ያምጡት» አለኝ።

የዚያን ጊዜ ራጅ የሚያስቀምጠው በሽተኛው ራሱ ነበር። ሐኪም ያይና ይሰጥሃል፤ እንዳይታጠፍ ፍራሽ ሥር ዘርግተህ ትተኛበታለህ። የልደታ ሰው ሁሉ የሚያደርገው እንዲያ ነው። ስለዚህ ወደ ቤት ስንመለስ አባባ ልባቸው ረግቶ ነበር፤ ራጁ በእሳቸው በኩል ፍራሹ ሥር እንዳለ ያውቃሉ። በመንገዱ ላይም ጠባሳ፣ ጠባሳ እያሉ ቃሉን ያጣጥሙት ነበር። እኔም በልቤ እለዋለሁ።

ፍራሹን አነሳን። የለም። በእማዬ በኩል አነሳን፤ የለም። የሣጥን ኋላ፣ የቁም ሣጥን ላይ፣ የለም። እማዬ ከነመርፌዋ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች፤ ምን እንደምንፈልግ ስነግራት መርፌዋን ቀሚሷ ደረት ላይ ሰካችና ቁጭ አለች።

«እኔ አጥቤዋለሁ» አለች።

ምን ማለቷ እንደሆነ ለማስረዳት ወደ አሰሳው ቀን መመለስ ነበረባት። ያን ቀን እኔም አለሁ። የቀበሌ ሰዎች ከነጠመንጃቸው ገብተው ቤቱን ሲያገላብጡ፣ የአንዱ ሰደፍ የእመቤታችንን ሥዕል መስታወት ሰበረው። ሌላው ፍራሹን ገልብጦ ራጁን አገኘውና ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋው። «ጓድ፣ ይህ ምንድን ነው?» አባባ «ሳንባዬ ነው» አሉ። «ታዲያ ምን አስደበቀህ?» ቀልድ የሚመስል ነገር ነው፤ ያን ጊዜ ግን ማንም አልሳቀም። ፊልሙ ታችኛው ጥግ ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነበረበት፤ ሰውየው እሱን እያየ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ ወርውሮት ወጣ። እኔና አባባ አለፈልን ብለን ረሳነው። እማዬ አልረሳችም። በዚያው ሰሞን ከታች ካለው ግቢ አንድ አስተማሪ ቤቱ የተሰቀለ ካርታ ተገኘበት ተብሎ ተወስዶ ነበር።

«ተመልሰው ቢመጡስ ብዬ» አለች። «አባትሽ ድኗል፤ ፎቶው ምን ያደርግለታል አልኩ። ሥዕሏም መስታወት የላትም። መስታወት ደግሞ ከየት ይገኛል በዚያን ጊዜ።»

አባባና እኔ ሥራ ስንሄድ ራጁን በረኪና ውስጥ ነክራ ጥቁሩን ልጣ ልጣ አነሳችው። ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሆነ። እሱን በእመቤታችን ሥዕል ላይ በመስታወቱ ፋንታ ገጠመችው። እኔ ደግሞ መስታወት አግኝታ ያስገባች መስሎኝ አንድም ቀን አልጠየቅኳትም። ለካ ያን ሁሉ ዓመት ማታ ማታ የምንጸልየው የአባባን ሳንባ ከፊታችን አድርገን ኖሯል።

ሥዕሉን ከግድግዳው አውርጄ ፕላስቲኩን መዘዝኩት፤ መስኮቱ ላይ ዘረጋሁት። የማዶው ቤት ቆርቆሮ ጥርት ብሎ ይታየኛል። የአባቴ ደረት የለም። በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄም ፈርቼም አላውቅም፤ የቱ እንደሚበልጥ መለየት አልቻልኩም። እማዬ ላይ ጮህኩ። አባባ «ተያት» አሉኝ፤ ቀስ ብለው ነው ያሉት። «ያጠበችው ለኔው ብላ ነው።»

እማዬ አላለቀሰችም። ፕላስቲኩን ከእጄ ተቀብላ በስንዝር ለካችው፤ የጠላፊ እጅ ነው፣ ሲጨንቀው ይለካል። ከዚያ ድንገት ቀና አለች።

«ሥዕሏ እኮ አጭር ናት። ከማጠቤ በፊት ከላይ ቆርጬለታለሁ።»

«ቁራጩስ?»

የጥልፍ ዕቃዋን የምታስቀምጥበትን የብስኩት ጣሳ አምጥታ አልጋው ላይ ገለበጠችው። ክር፣ መቀስ፣ ወረቀት ላይ የተሠሩ የጥልፍ ንድፎች። እማዬ ጥልፍ የምትጀምረው ሐረጉን ወይም አበባውን ወረቀት ላይ ነድፋ መስመሩን በመርፌ በመብሳት ነው፤ ጨርቁ ላይ ታስቀምጠውና የከሰል ዱቄት በጨርቅ ቋጥራ በላዩ ታሸዋለች፤ በቀዳዳው ያለፈው ዱቄት መስመሩን ይተውላታል። ወረቀት ቶሎ ይቀደዳል። ከመሀላቸው አንዱ ብቻ ወረቀት አልነበረም። ጥቁር፣ ጠንካራ፣ ርዝመቱ እንደ ክንድ የሆነ። የራጁ የላይኛው ቁራጭ ነው። ጽሑፍ ስለሌለበት ሳታጥበው ትታው ነበር፤ ከዳር እስከ ዳር ሐረግ በስታበታለች። ያን ሐረግ አውቀዋለሁ። ከልደታ ቤት ግማሹ ትራሱ ላይ ያ ሐረግ አለ።

መስኮቱ ላይ ዘረጋነው። ትከሻ፣ የአንገት አጥንት፣ ከሥሩ የሁለቱ ሳንባ ጫፍ። ሐኪሙ ያሳየን ቦታ ያለው እዚያው ላይ ነው። በመርፌው ቀዳዳዎች ሁሉ ብርሃን ሾልኮ ስለሚገባ ዓይናችን ተምታታ። መጀመሪያ ያየቻት እማዬ ናት።

«ይቻትና» አለች።

ሽምብራ የምታክል ነጭ ነገር፣ ከአንገት አጥንቱ ሥር፣ ከሁለት የሐረግ ቅጠል መሀል። አባባ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው መልሰው አደረጉ። «እሷ ናት?» አሉኝ። «እሷ ናት» አልኳቸው። እማዬ አፏን በነጠላዋ ይዛ ለጎረቤት በማይሰማ ድምፅ እልል አለች። በሽታ ተገኘልን ብሎ እልል ያለ ቤት ከእኛ ሌላ መኖሩን እንጃ። አባባ በዚያች ማታ እራታቸውን ጥርግ አድርገው በሉ፤ ስለ ዳኞቹ ቀልድ አወሩ፤ ሲያስሉም ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬያችንን አላቋረጥንም። እማዬ ለልደታ ቤተ ክርስቲያን ጥላ ላስገባ ብላ ተሳለች።

አንድ ነገር አይቻለሁ። ነጯ ነገር ከአጥንቱም በላይ ነጭ ነበረች። አይቼ ግን ዝም አልኩ፤ እንዲያ ባለ ደስታ መሀል ማን እንዲህ ያለ ነገር ያነሳል። ሌሊቱን ግን ልቤ አልተኛም።

በነጋታው ቁራጩን በሁለት ደብተር መሀል አድርጌ ከአባባ ጋር ሄድን። እማዬ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ሐኪሙ አዲሱን ፊልም ሰካ፤ ከጎኑ ቁራጩን ሰካ። ሣጥኑ ሲበራ የእማዬ ሐረግ በአባባ ትከሻ ላይ ከዳር እስከ ዳር በነጠብጣብ ብርሃን ተዘረጋ። ሐኪሙ ለአፍታ ሥራውን ረስቶ አየው።

«ይህን ማን በሳው?»

«ባለቤቴ» አሉ አባባ፤ የኩራት ድምፅ ነበረው።

«ይቻትና፣ ዶክተር» ብዬ ጣቴን አሳረፍኩ። ሐኪሙ ተጠጋ። ቁራጩን ነቅሎ አጋድሞ በመስኮቱ ብርሃን አየው፤ በጥፍሩ ነጯን ነገር ዳሰሳት። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ።

«ይህ ሰውነት ውስጥ ያለ ነገር አይደለም» አለ። «ፊልሙ ራሱ ነው የተላጠው። በረኪና ነክቶት ያውቃል?»

«ነክቶታል» አልኩ። እማዬ የቀረውን ስታጥብ ተፈናጥቃ የነካችው አንዲት ጠብታ ናት። ማታ እልል ያልንላት እሷን ነው።

«ታዲያ የኛዋ የት ናት?» አልኩ።

ሐኪሙ ቁራጩን መልሶ ሰካው። ቀዳዳዎቹ የሚያስገቡትን ብርሃን በመዳፉ እየከለለ አዲሱን ያያል፣ አሮጌውን ያያል። የበረኪናዋ ጠብታ ከትክክለኛው ቦታ በጣት ያህል ፈቀቅ ያለች ነበረች። ትክክለኛው ቦታ ምንም አልነካውም፤ ቀዳዳም የለው፣ ጠብታም የለው። እኔም በዓይኔ አየሁት። ጥቁር ነው። ወለል ያለ ጥቁር። እዚያ ላይ አንድ ነጭ ነገር ስጠኝ ብዬ እግዜርን ለመንኩ፤ አባቴ ደረት ላይ በሽታ እንዲኖር ስለምን የመጀመሪያዬ ነው።

«አባባ፣ እስቲ ውጪ ትንሽ አየር ይውሰዱ፤ ከልጅዎ ጋር እንነጋገር» አለ ሐኪሙ። እንዲህ ያለ ወሬ ለቤተ ሰብ እንጂ ለበሽተኛ አይነገርም፤ ሁሉም ሐኪም የሚያደርገው ነው።

አባባ ከወንበራቸው አልተነሱም። «እኔ ዕድሜዬን የኖርኩት ችሎት ነው» አሉ። «ዳኛ ቀና ብሎ ካላየህ ውሳኔው ምን እንደሆነ ታውቀዋለህ። ይንገሩኝ።»

ሐኪሙ ያኔ ቀና ብሎ አያቸው። «ያን ጊዜ ሳንባዎ ንጹህ ነበር» አለ። «ይቺ አዲስ ናት። ጠርዟን ሳየውም ጥሩ አይመስለኝም። ገና የጎን ራጅ እናነሳለን፣ አክታዎን እንመረምራለን፣ ቀዶ ሐኪሞቹም ያዩታል። ግን ጠባሳ ናት ልልዎት አልችልም።»

እንደዚያ ቀን ንጹህ የሚል ቃል አስፈርቶኝ አያውቅም። አባባ ግን ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆለፉ፣ ሐኪሙን አመሰገኑ፣ ቁራጩን ራሳቸው ከሣጥኑ ነቅለው ሰጡኝ። «ደብተርሽ ውስጥ አድርጊው፤ እንዳይታጠፍ» አሉኝ።

ወደ ቤት በእግራችን ነበር የተመለስነው፤ እሳቸው ናቸው በእግር እንሂድ ያሉት። እየቆሙ ትንፋሽ ይሰበስባሉ። ከፍርድ ቤቱ አጥር አጠገብ ስንደርስ ቆሙ።

«ስለ በረኪናው እንዳትነግሪያት» አሉ።

«አባባ፣ ትጠይቀኛለች እኮ። ጥላ ተስላለች።»

«ጥላውን ታስገባ። ጠብታዋን ከነገርሻት ግን፣ እኔ ነኝ የዋሸኋችሁ ብላ ዕድሜዋን ሙሉ ትብሰለሰላለች። እሷ ምንም አላጠፋችም። ያቺ ቁራጭ ባትኖር ዛሬም ጠባሳ ናት እያልን እንቀመጥ ነበር።» ከዚያ «አንቺስ ፈራሽ?» አሉኝ።

«ፈርቻለሁ።»

«እኔም» አሉ። አባቴ እንዲያ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም፤ ጠመንጃ የያዙት ቤታችን የገቡ ቀን እንኳ አላሉም። እጃቸውን ያዝኩ፤ እስከ ግቢያችን በር አልለቀቅኳቸውም።

እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀናለች። አባባ ቀደሙኝ። «ቁራጭሽ ጠቀመ» አሏት። «ሐኪሙ ሁሉንም አየበት። ሐረግሽንም አደነቀ።»

እማዬ እልል አላለችም። ፊታቸውን አየች፤ ቀጥላ የእኔን አየች። እኔ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። ሐኪሙ ምን እንዳየበት አልጠየቀችም። እጇን ዘረጋችልኝ፤ ደብተሩን ከፍቼ ቁራጩን ሰጠኋት። ወደ ጣሳዋ ትመልሰዋለች ብዬ ነበር፤ ያልጨረሰችው ትራስ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበርና። እሷ ግን ወደ መኝታ ቤት ገባች። ፍራሹን በአባባ በኩል አነሳች፣ ቁራጩን በመዳፏ ደጋግማ ዳሰሰችው፣ እንዳይታጠፍ ዘርግታ አስቀመጠችው፣ ፍራሹንም ቀስ ብላ በላዩ አወረደች።